«ሆድ ይፍጀው» የጤና ፖሊሲ አይደለም

ከጳውሎስ ሆስፒታል በር ተነስታችሁ ወደ ዊንጌት በእግራችሁ ሂዱ። ግራና ቀኝ ያለውን ታፔላ እያነበባችሁ ሂዱ። መድኃኒት ቤት አለ። ላቦራቶሪ አለ። አልትራሳውንድ አለ። መነጽር ቤት አለ። ከክፍለ ሀገር ለመጣ አስታማሚ አልጋ ቤት አለ። ራቅ ብላችሁ ከፈለጋችሁ የሬሳ ሳጥን የሚሠራም አይጠፋም። ሰው ከታመመበት ቀን ጀምሮ እስከሚቀበርበት ቀን ድረስ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በዚያ አካባቢ ይሸጣል።

አሁን ሌላ ሰው አስቡ። ራጅ የሚነሳ አጥንት አልተሰበረበትም፤ ደሙም ቢመረመር ምንም አይገኝበትም። እናቱን ቀብሮ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ሥራ አይሠራም፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል። «የሚያዳምጠኝ የተማረ ሰው እፈልጋለሁ፤ አቅሜ በሚችለው ዋጋ» ቢል የት ግባ እንለዋለን?

የዛሬው ጽሑፍ ጥያቄ ይኼው ነው። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ የማትስማሙ ካላችሁ እያነበባችሁ ተከራከሩኝ። በየጤና ጣቢያው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ውስጡ ሁለት የሠለጠኑ አዳማጮች፣ ክፍያው ለካርድ ከሚከፈለው ያልበለጠ። ይህን ለማድረግ ሰው አለን፣ ቤት አለን፣ ከዚህ በፊት በሌላ በሽታ አድርገነው የምናውቀው ልምድም አለን። የጎደለው የሚወስን ሰው ነው።

ስለ ማን ነው የምናወራው?

«የአእምሮ ጤና» ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነው። እሱም ሕክምና ይገባዋል፤ ዛሬ የማወራው ግን ስለ እሱ አይደለም። የማወራው ልብሱን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገባችሁ ስለቆመው ሰው ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባቱ ወደቀ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ስለ ትምህርት ጥራት ያልጻፈ፣ ያልተናገረ፣ ያልተሳለቀ አልነበረም። ውጤቱን በስልኩ አይቶ፣ ስልኩን ገልብጦ አስቀምጦ፣ ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚነግር ሲያስብ ያደረውን ልጅ «እንዴት አደርክ?» ያለው ማን ነው? ትምህርት ሚኒስቴር ቁጥሩን ነገረን። ወላጅ ተቆጣ። ልጁ ዝም አለ። ዝምታውን ጤንነት ብለን አለፍነው።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠርዘው ተመለሱ። ብዙዎቹ ሴቶች በሰው ቤት ያዩትን ለእናታቸው እንኳ መናገር አይችሉም። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላቸው ብርድ ልብስና የትራንስፖርት ገንዘብ ነበር። ከዚያ በኋላስ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ሰሜኑ በጦርነት ተቃጠለ፤ ከዚያ ወዲህም ጥይቱ በሌሎች አካባቢዎች አልቆመም። የሸሸው፣ ልጁን ያጣው፣ ተደፍራ ዝም ያለችው፣ ከግንባር የተመለሰው ወታደር ሁሉ የትም አልጠፉም። እዚሁ አሉ። ጉለሌ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ አዲሱ ገበያ ሱቅ ይጠብቃሉ፤ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሸጣሉ።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ «በሽተኛ» አይደሉም። የደረሰባቸው ነገር የከበዳቸው ሰዎች ናቸው። በጊዜ የሚያዳምጣቸው ካገኙ ብዙዎቹ ተመልሰው ይቆማሉ። ካላገኙ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የምናገኛቸው መጠጥ ቤት፣ ጫት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ወይም ድንገተኛ ክፍል ነው።

መሐሉ የጠፋ መሰላል

የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙ ራሱ ስድብ እስኪሆን ድረስ። «አማኑኤል ውሰዱት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሳይካትሪስት በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። በዚያን ጊዜ 70 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጳውሎስን ጨምሮ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። የሳይካትሪ ነርሶችም፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችም በየዩኒቨርሲቲው ይመረቃሉ።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ውስጥ አንድ ቁጥር አስፍሯል፦ በአንድ የአገራችን ገጠራማ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከጠቅላላው የበሽታ ጫና 11 በመቶው የአእምሮ ሕመም ነው። ስለዚህ መንግሥት አያውቅም ማለት አይቻልም። ያውቃል፤ ጽፎታል፤ አሳትሞታል።

ችግሩ መሰላሉ ላይ ነው። ከላይ ስፔሻሊስቱ አለ። ከታች ጎረቤትና ንስሐ አባት አሉ። መሐሉ ባዶ ነው። ጳውሎስ ሪፈራል ሆስፒታል ነው፤ በመደበኛው መንገድ ለመግባት ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ አለባችሁ። ጤና ጣቢያ ደግሞ «አዝኛለሁ» ብላችሁ ካርድ ስታወጡ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ «አዝኛለሁ» አይልም። «ራሴን ያመኛል» ይላል። «ጨጓራዬ» ይላል። «ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ይላል። ውጭ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ባለሙያ ደግሞ የሕመም ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኘዋል። ሰውየው በወሩ ይመለሳል። ሌላ ምርመራ ይታዘዛል። ራጅ፣ ደም፣ ሽንት፣ ኢኮ። ሁሉም «ነጻ» ይላል። ለአንድ ሰዓት ወሬ ያልወጣው ገንዘብ ለአሥር ምርመራ ይወጣል።

ሆስፒታሉ የደረሰው ሲደርስ ደግሞ ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከበሩ ውጭ በጠና የታመሙ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። እናቱ የሞተችበትን ሰው አንድ ሰዓት ቢያዳምጠው ራሷን ለመግደል የሞከረችው ልጅ አንድ ሰዓት ትጠብቃለች። ይህ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም። የመሐሉን ደረጃ የነቀለው ሥርዓት ጥፋት ነው።

«ገንዘብ ካለህ ታዘን፤ ከሌለህ ቻለው»

«የግል የሥነ ልቦና አማካሪዎች አሉ አይደል?» የሚል አለ። አሉ። ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎችም አሉ። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራው።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የአንድ የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ምክር አገልግሎት እንደ መርፌ አንድ ጊዜ ተወግተው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል። እንበልና አንዱ ሰዓት 1,000 ብር ቢሆን፣ በወር አራት ጊዜ 4,000 ብር ይሆናል። ግብር ሳይቆረጥ ከደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ማለት ነው። የሚከፍሉትን ዋጋ የምታውቁ የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ አስሉት። ከዚያ የቤት ኪራይ ቀንሱ፤ ጤፍ ቀንሱ፤ ታክሲ ቀንሱ። የተረፈ ካለ ንገሩኝ።

ይህ እንግዲህ የተማረውና ደመወዝተኛው ነው። ሽሮ ሜዳ በቀን ገቢ የሚኖር ሸማኔስ? ጳውሎስ በር ላይ ቆሎና ሻይ የምትሸጠው እናትስ? ለእነሱ የግል አማካሪ መኖሩ ሸራተን መኖሩ እንደማለት ነው። አለ፤ ያዩታል፤ አይገቡበትም።

በሌላ አነጋገር ለደሃው የሰጠነው ፖሊሲ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ቻል አድርገው። በርታ። ያልፋል። ወንድ ልጅ አያለቅስም። ትንሽ ደፈር ብሎ «አልቻልኩም» ያለ እንደሆነ ደግሞ «ምን ጎደለብህ? ጥጋብ ነው!» ይባላል። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። አንዳንዱን ነገር ይዞ ይቆይና ባለቤቱን ይፈጃል።

«ባህላችን ይበቃናል» ለሚሉ

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይኼ ስለሆነ በአግባቡ ልመልስ። «እኛ ፈረንጅ አይደለንም። ዕድር አለን፣ ቡና አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሽማግሌ አለን፣ ንስሐ አባት አለን። ለማያውቁት ሰው ከፍሎ ገመና ማውጣት የብቸኞች አገር ልማድ ነው» ይባላል።

ግማሹ እውነት ነው። ለቅሶ ቤት ሰልስት ድረስ ሰውን ብቻውን የማይተው ሕዝብ ከየትም አልተማረውም። ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ሐዘንተኛውን መሐል አስቀምጦ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ትልቅ ጥበብ ነው። ለዚህ ምስጋና ይገባል።

ግን ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ዕድር የሚያውቀው ሐዘን ሬሳ ያለበትን ነው። ፈተና ለወደቀ ድንኳን አይተከልም። ትዳሩ ለፈረሰ ንፍሮ አይቀቀልም። ጽንስ ለጨነገፈባት፣ ልጅ መውለድ ላልቻለች፣ ከሥራ ለተባረረ፣ በልጅነቱ ለተደፈረ ወንድ ሰልስት የለም። እነዚህ ሁሉ ለቅሶ የሌላቸው ሞቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ጎረቤት ምሥጢር ለመጠበቅ አልማለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለማን ትንገር? የዕድሩ ሊቀ መንበር የባሏ ጓደኛ ነው። ንግዱ የከሰረበት ሰው ለማን ይንገር? ዕቁብተኛው ከሰማ ነገ ዋስ አምጣ ይባላል። በሰፈር የተነገረ ገመና ሳምንት ሳይሞላው ቡና ላይ ይቀርባል። ባለሙያ የሚያስፈልገው ከጎረቤት የበለጠ ስለሚወደን አይደለም። ሙያው አፉን እንዲዘጋ ስለሚያስገድደው፣ የእኛን ጉዳይ ሲሰማም የራሱ ጥቅም ስለማይነካ ነው።

ሦስተኛ፣ ያ የምንመካበት ጉርብትና ራሱ እየፈረሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ሃምሳና ስልሳ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች በአንድ ሰሞን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። ከዚያ ወዲህም የኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰፈር ደርሷል። መንገዱ ማማሩን አልክድም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩን ከማያውቁት ሰው በር ጋር ገጥሞ የተቀመጠ አሮጌ ሰው ግን የትኛው ዕድር ነው የሚያዳምጠው? ሰፈሩን ያፈረሰ መንግሥት ሰፈሩ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት መተካት የእሱ ዕዳ ነው።

ስለ ፀበልም ልናገር፤ ጉለሌ ተቀምጦ፣ እንጦጦን ሽቅብ እያዩ ስለ ፀበል ዝም ማለት አይቻልምና። ከሕክምናና ከእምነት አንዱን ምረጡ የሚል ሰው ሁለቱንም አያውቅም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በተጀመረበት ሰሞን «ፀበል የሚጠጣ ክኒን አይውጥ» ተብሎ ስንት ሰው ሞተ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ፀበሉንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተማሩ። ያ ቃል ሕይወት አትርፏል። ዛሬም ከካህናቱም ከሼኾቹም የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቃል ነው፤ «ጸልይ፤ ደግሞ ባለሙያ አማክር» የሚል።

ባዶውን ማን ሞላው?

ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም። ቲክቶክ ክፈቱ። «አነቃቂ» ሞልቷል። አዳራሽ ተከራይቶ፣ መብራት አብርቶ፣ «ድህነት በአእምሮህ ውስጥ ነው» እያለ ቲኬት የሚሸጥ ሞልቷል። ሦስት መጽሐፍ አንብቦ «የሥነ ልቦናና የትዳር አማካሪ» የሚል ታፔላ የሚሰቅልም አለ። የሰውን ገመና በቀጥታ ስርጭት ተቀብሎ፣ እያሳቀና እያስለቀሰ ተመልካች የሚሰበስብም አለ።

ሕዝቡ ለምን ይከተላቸዋል? ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ስለተጠማ ነው። ምንጭ ያጣ ሰው ከኩሬ ይጠጣል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገንዘብ ከፍሎ «ተነስ! ትችላለህ!» ሲባል ለመስማት መሰለፉ የሚነግረን የፍላጎቱን ብዛት ነው።

አደጋው ግን ቀላል አይደለም። በድብርት ለሚሰቃይ ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት እግሩ ለተሰበረ «ሩጥ» ማለት ነው። መነሳት ያቃተው ሰው ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ አምኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ። ጸጉር ቤት ለመክፈት የብቃት ማረጋገጫ በሚጠየቅበት ከተማ የሰውን ነፍስ ለመክፈት ምን እንደሚጠየቅ ደንበኛው አያውቅም፤ ለመጠየቅም አልተለማመደም።

ከዚህ በፊት አድርገነዋል

«ይኼ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ካለ ትንሽ ወደ ኋላ ላስታውሰው።

«ካውንስሊንግ» የሚለውን ቃል ወደ ሰፈራችን ያስገባው ኤች አይ ቪ ነው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀመር አገሪቱ ከዛሬው የበለጠ ደሃ ነበረች። ግን በየጤና ጣቢያው ትንሽ ክፍል ተገኘ። ሁለት ወንበር ተቀመጠ። በሩ ተዘጋ። ነርሶች በአጭር ሥልጠና ሰውን ማዳመጥ፣ ክፉ ዜና መንገር፣ ምሥጢር መጠበቅ ተማሩ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሌሎችን አጽናኑ። ከምርመራ በፊት ምክር፣ ከምርመራ በኋላ ምክር፣ ለጥንዶች ምክር። ያን ጊዜ ከኤች አይ ቪ የከፋ ነውር አልነበረም፤ ሆኖም ሰው ሄደ። ነውሩን ያሸነፈው ስብከት ሳይሆን በሩ ክፍት የሆነ፣ ነጻ የሆነና ምሥጢር የሚጠብቅ ክፍል ነበር።

አዎ፣ አብዛኛው ገንዘብ የውጭ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። ገንዘቡ ሄደ። ልምዱ፣ ክፍሉና ሰው ማዳመጥ የተማሩት ሰዎች ግን አብረው አልተሳፈሩም። እዚሁ ናቸው።

የዚምባብዌን ታሪክ ደግሞ ስሙ። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት በ2006 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል የደሃ ሰፈር ሥራ ጀመረ። ገንዘብ አልተሰጠውም፤ ክፍልም አልተሰጠውም፤ ነርስም አልተሰጠውም። የተሰጠው 14 አያቶች ነበር። በሰፈሩ በበጎ ፈቃድ የጤና ሥራ የሚሠሩ አሮጊቶች። አሠለጠናቸው። ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር አኖረ። የጨነቀው ሰው መጥቶ ከአያት ጎን ይቀመጣል፤ ያወራል፤ አብረው ከችግሮቹ አንዱን መርጠው መፍትሔ ይፈልጋሉ። ሥራው «የወዳጅነት አግዳሚ» ተባለ። ከዓመታት በኋላ በ24 ጤና ጣቢያዎች፣ በ573 ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ ውጤቱ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው በመደበኛው መንገድ ከታከሙት 49.9 በመቶ ሲሆኑ፣ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት 13.7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

አያት የሌላት አገር ነን? አዳማጭ አሮጊት ጠፍቶብን ነው? ልብ በሉ፤ እዚያ የሠራው አያትነት ብቻውን አይደለም። ሥልጠና ነበር፤ የሚከታተላቸው ባለሙያ ነበር፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም የሚልኩበት መንገድ ነበር። ባህልና ሙያ ተጋቡ። እኛ ግን እስከ ዛሬ «ባህል ወይስ ሙያ?» እያልን እንከራከራለን።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ

አዲስ አበባ ወደ 100 የሚጠጉ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አሏት። በእያንዳንዱ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራቂ ቅጠሩ፤ 200 ሰው። በመነሻ ደመወዝ 11,500 ብር፣ በዓመት 138,000 ብር ለአንድ ሰው። ለ200ው 27.6 ሚሊዮን ብር። ለሥልጠና፣ ለተቆጣጣሪ ባለሙያ፣ ለወንበርና ለመጋረጃ ብላችሁ እጥፍ አድርጉት፤ 55.2 ሚሊዮን ብር።

የከተማዋ የ2018 ዓ.ም. በጀት ከ350 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ከእያንዳንዱ 10,000 ብር ውስጥ አንድ ብር ከስልሳ ሳንቲም የማይሞላ ገንዘብ ነው። ለአምፖልና ለዘንባባ የሚበቃ ከተማ ለዚህ አይበቃም የሚል ሰው ሒሳቡን ያሳየኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በድብርትና በጭንቀት ሕክምና ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር አራት ዶላር ይመልሳል ብሏል፤ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ያመርታልና።

ሰውስ? በየዓመቱ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሥነ ልቦና ዲግሪ ይዘው የሚወጡትን ልጆች ጠይቁ። አንዱ ባንክ ይቆጥራል፤ አንዱ የስልክ ሽያጭ ላይ ነው፤ አንዷ ቤት ተቀምጣ እሷ ራሷ የሚያማክራት ትፈልጋለች። በአንድ በኩል የሚያዳምጠው ያጣ ሕዝብ፣ በሌላ በኩል ማዳመጥ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት። ሁለቱን ማገናኘት ያቃተው መሥሪያ ቤት ሌላ ምን ሊሠራ ነው?

የምጠይቀው

ለጤና ሚኒስቴርም፣ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮም አራት ነገር፦

1. በየጤና ጣቢያው በሩ የሚዘጋ አንድ የምክር ክፍል። ታፔላው ላይ «አእምሮ» የሚል ቃል ባይኖር ይሻላል። «የምክር አገልግሎት» ይበቃል። ሰው ሳያፍር ይግባ።

2. በክፍሉ የሚሠራው ተመራቂ ብቻውን አይጣል። በየሳምንቱ ጉዳዮቹን ይዞ የሚያማክረው የበላይ ባለሙያ ይኑረው፤ ለጉለሌ ጤና ጣቢያዎች ጳውሎስ ለዚህ የቀረበ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነውን በአንድ ወረቀት፣ በአጭር ቀጠሮ ይላክ።

3. ክፍያው ከካርድ ዋጋ አይብለጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ደግሞ ምንም አይጨምር።

4. «አማካሪ ነኝ» የሚል ሁሉ የተማረውንና ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ይስቀል። የሌለው ይዝጋ።

ለአንባቢም አንድ ቃል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ራሴን ያመኛል» ብላችሁ አትመለሱ። «እንቅልፍ ካጣሁ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖኛል፤ ከዚህ ነገር ወዲህ ነው» በሉ። በቀጥታ ጠይቁ፤ ያልተጠየቀ አገልግሎት በጀት አይያዝለትም። ከሰፈራችሁ ሰው «መኖር አስጠላኝ» ያለ ካለ ቀልድ አታድርጉት፤ አትምከሩት፤ ብቻውን አትተዉት። በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብራችሁት ሂዱ። ለድንገተኛ ሪፈር አያስፈልግም።

በ2008 ዓ.ም. ጳውሎስ ሆስፒታል የአገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ከፈተ። ከአንድ ሰው አካል ኩላሊት አውጥቶ ሌላው ውስጥ መትከል ምን ያህል ሙያ፣ ምን ያህል መሣሪያ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ አስቡት። ተችሏል፤ ኮርተናል። እንግዲህ ያን የቻለ የጤና ሥርዓት በጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር አስቀምጦ በሩን መዝጋት ለምን እንዳቃተው የሚመለከተው ሰው ይመልስልን። የከተማው ምክር ቤት የ2019 በጀት ላይ ከመወያየቱ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው።

በጤና ጣቢያችሁ የምክር አገልግሎት ጠይቃችሁ የተባላችሁትን ከታች ጻፉልን። ስም አያስፈልግም።